ሜይደን ካስል ላይ ግንቡ የት ሄደ? ሣር የለበሰን የኮረብታ ምሽግ እንዴት እናንብብ

ጥያቄው፦ «የምኖረው እንግሊዝ፣ ሳውዝሃምፕተን ነው። ከቤተሰቤ ጋር ዶርሴት ውስጥ ያለውን ሜይደን ካስል ልናይ ሄደን ነበር። ካስል ሲባል የጎንደርን ዓይነት ግንብ ጠብቀን፣ ያገኘነው ሣር የለበሰ ጉብታ፣ ጉድባና በግ የሚግጥበት ሜዳ ነው። ድንጋዩን ሰው ወስዶት ነው? በእርግጥ ምሽግ ነበር? ሮማውያን ሕዝቡን ፈጁበት የሚባለውስ እውነት ነው? ድጋሚ ብንሄድ ምን እንይ? ልጄ ደግሞ ከፍልፈል አፈር ላይ አንድ ድቡልቡል ጠጠር አግኝቶ ኪሱ ከቶት መጥቷል፤ ምን እናድርገው?»

መልስ፦

ድንጋዩን የወሰደው ሰው የለም፤ ቅጥሩ ከመጀመሪያውም የድንጋይ ግንብ አልነበረም። ሣር ለብሶ ያዩት ጉብታ ራሱ ቅጥሩ ነው። ኮረብታው ከላይ እስከ ታች ጠመኔ ድንጋይ ነው። ጠመኔ ለመቆፈር ቀላል፣ ለመካብ ግን የማይመች ለስላሳ ድንጋይ ነው፤ ውርጭ ሲነካው ይፈረካከሳል። ስለዚህ በብረት ዘመን እዚያ የሰፈሩት ሰዎች ያደረጉት ጉድባ መቆፈርና የወጣውን ጠመኔ በጉድባው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ መከመር ነው። እኛ አገር አምባ የሚባለው ገደሉን ተፈጥሮ የሠራችለት ተራራ ነው፤ ሰው የሚጨምረው በር ብቻ ነው። ሜይደን ካስል ከባሕር ወለል 132 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ፣ ጀርባው ክብ የሆነ ለስላሳ ኮረብታ ስለሆነ ገደሉንም ሰው መሥራት ነበረበት። ከጉድባው ወለል ተነስቶ እስከ ክምሩ ጫፍ ያለው ወጥ ቁልቁለት ያ ሰው ሠራሽ ገደል ነው።

የመጀመሪያው ምሽግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ገደማ ሲሠራ ግን ቁልቁለት አልነበረውም። በጊዜው የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው፦ በሁለት ረድፍ ምሰሶ ይተከላል፤ የፊተኛውና የኋለኛው ረድፍ በአግዳሚ ግንድ ይታሰራል፤ በመካከሉ ከጉድባው የወጣው ጠመኔ ይሞላል። ከውጭ ሲታይ ቀጥ ብሎ የቆመ የእንጨት ግድግዳ ይመስላል፤ ከላዩ ደግሞ መሄጃ አለው። መልኩ ያስፈራል፤ ችግሩ ያለው እንጨቱ ላይ ነው። አፈር ውስጥ የተቀበረ ምሰሶ በመሬቱ ደረጃ፣ እርጥበትና አየር በሚገናኙበት ቦታ ይበሰብሳል። አንድ ትውልድ ያህል ቆይቶ የፊተኛው ረድፍ ሲላላ፣ ከኋላ የሚገፋው ጠመኔ ግድግዳውን ወደ ጉድባው ይደፋዋል። የበሰበሰ ምሰሶ ለመለወጥ ደግሞ ሙሌቱን ማውጣት ያስፈልጋል። ኋላ የመጡት ሠሪዎች እንጨቱን ትተው ክምሩን እንደ ወጥ ቁልቁለት የሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ክምር የሚደፋ ፊት የለውም፤ ጥገናው ጉድባውን ጠርጎ የወጣውን አናቱ ላይ መጨመር ብቻ ነው። አዲስ በተሠራበት ወቅት ሣር አልነበረውምና ኮረብታው ከሩቅ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። ዛሬ አረንጓዴውን ሲያዩ ይህን ነጭነት በዓይነ ህሊናዎ ካልጨመሩበት የሠሪዎቹን ሐሳብ ግማሹን ያጡታል።

አሁን የሚያዩት ቁመት የድሮው ቁመት እንዳይመስልዎ። ጉድባው ተሞልቷል፣ ክምሩም ዝቅ ብሏል። ይህ እንዴት እንደሚሆን በደንብ እናውቃለን፤ ምክንያቱም በ1960 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዊልትሸር ውስጥ ኦቨርተን ዳውን በሚባል ቦታ ባለሙያዎች ሆን ብለው ጠመኔ ላይ ጉድባ ቆፍረው፣ አጠገቡ ክምር ሠርተው፣ በየተወሰነ ዓመት እየከፈቱ ሲያዩት ቆይተዋል። የመክፈቻው ጊዜ በእጥፍ እየጨመረ ይሄዳል፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 ዓመት እያለ እስከ 128 ዓመት ድረስ የታቀደ ነው። ያሳየው ነገር ግልጽ ነው። ብዙው ሙሌት የሚገባው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ውርጭ የጉድባውን ግድግዳ እየፈረካከሰ ፍርካሹን ወደ ታች ያወርደዋል። የላይኛው ጠርዝ ከነሣሩ ተገምሶ ይወድቃል፤ ከዚያ ቁልቁለቱ ሲለዝብና ሣር ሲይዘው ሙሌቱ እጅግ ይዘገያል። ስለዚህ ሾጣጣ ሆኖ የተቆፈረ ጉድባ ካልተጠረገ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የወለሉን ሹልነት ያጣል። ዛሬ እግርዎ የሚቆምበት ወለል ሙሌቱ ነው፤ እውነተኛው ወለል ከሥር ነው።

ቦታው የአንድ ዘመን ሥራም አይደለም። በምሥራቁ ጉብታ ላይ ከብረት ዘመን 3,000 ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ በአዲሱ የድንጋይ ዘመን የተቆፈረ ክብ ጉድባ ነበር። ቀጥሎ በኮረብታው ጀርባ ላይ 546 ሜትር የሚረዝም ዝቅ ያለ የአፈር ጉብታ ተሠራበት። የ600ው ምሽግ ያረፈው በዚህ አሮጌ ጉድባ ላይ ነው፤ ስፋቱ 6.4 ሄክታር ገደማ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ 19 ሄክታር ያህል ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ክምር በክምር እየተጨመረበት ዛሬ የምናየው ሦስት፣ አንዳንድ ቦታም አራት ድርብ ቅጥር ወጣው።

ይህን ዕድገት ባዶ ዓይን ማየት ይችላል። በውስጡ ሜዳ መካከል ላይ ቆመው ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ያለውን ቅጥር ይመልከቱ፤ ሁለቱም ጋ ቅጥሩ ትንሽ ይሰበራል፣ መስመሩ ይለወጣል። በሁለቱ መካከል ሜዳውን የሚያቋርጥ ስስ ስርጉድ አለ። እሱ የመጀመሪያው ምሽግ የምዕራብ ጉድባ ነው፤ ምሽጉ ሲሰፋ ትርፍ ሆኖ ተሞላ። አብዛኛው ጎብኚ ሳያውቀው ይረግጠዋል።

በሩ ጋ ጊዜ ይስጡ። የትኛውም የኮረብታ ምሽግ ሐሳቡን የሚገልጸው በሩ ላይ ነው፤ ቅጥሩ ዙሪያውን ያው ነው፣ በሩ ግን ደካማው ቦታ ስለሆነ ሠሪው ያለ የሌለ ብልሃቱን የሚያወጣው እዚያ ነው። ሜይደን ካስል በምሥራቅም በምዕራብም ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ሁለት በሮች አሉት፤ ይህ በሌሎች ምሽጎች ብዙ የማይታይ ነገር ነው። ከበሮቹ ፊት ለፊት ተደራራቢ ክምሮች ተዘርግተው መንገዱን ያጣምሙታል። ምሥራቁን በር ከውጭ ወደ ውስጥ ቀስ ብለው ይሂዱበት፤ በየጥምዝምዙ ቆም ብለው ቀና ይበሉና ከላይ የቆመ ሰው ከስንት ጎን ሊያይዎ እንደሚችል ይቁጠሩ። በሩ ራሱ ከፊት ሆኖ አይታይም። በሮቹ አካባቢ ብቻ ከሌላ ቦታ በመጣ ኖራ ድንጋይ የተካበ ግድግዳ በቁፋሮ ተገኝቷል፤ ድንጋይ ፈላጊው ዓይንዎ የሚረካው እዚያ ነበር፣ አሁን ግን ከሣሩ ሥር ነው። ላይ ወጥተው በምሥራቅ በኩል የሚያዩት አነስተኛ የድንጋይ መሠረት የምሽጉ እንዳይመስልዎ፤ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ምሽጉ ከተተወ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በሮማውያን ጊዜ የተሠራ ትንሽ የጣዖት ቤት ነው።

የመከላከያው መሣሪያ ወንጭፍ ነው። ከምሥራቁ በር አጠገብ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ከ20,000 በላይ የወንጭፍ ጠጠር ተከማችቶ ተገኝቷል። ጠጠሮቹ በባሕር ሞገድ የተሞረዱ፣ ከ50 እስከ 60 ግራም ገደማ የሚመዝኑ ናቸው። የመጡትም 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከቼዝል የባሕር ዳርቻ ነው። ጠመኔው ኮረብታ ራሱ እንዲህ ያለ ጠጠር አያወጣም። ለወንጭፍ የጠጠሩ ክብደትና ቅርጽ አንድ ዓይነት መሆን ወሳኝ ነው፤ አንዱ ከባድ አንዱ ቀላል ከሆነ ወንጫፊው ርቀቱን መገመት አይችልም። ወፍ በወንጭፍ የጠበቀ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ታዲያ ምሽግ ነበር? አዎ፣ ግን ምሽግ ብቻ አልነበረም። እስቲ ሥራውን በግርድፉ እናስላው። ከላይ 10 ሜትር የሚሰፋ፣ 4 ሜትር የሚጠልቅ ሾጣጣ ጉድባ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 20 ሜትር ኩብ ጠመኔ ይወጣዋል። አንድ ሰው በቀን 2 ሜትር ኩብ ቆፍሮ ያወጣል ብንል ለአንድ ሜትር 10 የሰው ቀን ነው። አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ዙሪያ ሲሆን 15,000 የሰው ቀን፣ ማለትም መቶ ሰው ለአምስት ወር። ይህ ለአንድ ጉድባ ብቻ ነው፤ ምሰሶ መቁረጡን፣ ስንቅ ማዘጋጀቱን፣ የዓመት ጠረጋውን አልጨመርንም። ይህን ያህል ሰው አሰባስቦ ማሠራት ራሱ ኃይልን ማሳየት ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ቅጥርም ለጦርነት ከሚያስፈልገው በላይ ይመስላል። ኮንሶ ውስጥ ያሉትን በኮረብታ ላይ የተሠሩ ከተሞች ያየ ሰው ለዚህ ቅርብ ነው፤ እነሱ ከአንድ እስከ ስድስት ዙር የድንጋይ ካብ አላቸው። ካቡ ጠላት መከላከያ ቢሆንም፣ የጋራ ሥራና የከተማው ዕድገት ምልክትም ነው። ልዩነቱ ኮንሶ ድንጋዩ ጠንካራ ስለሆነ ካቡ ቆሟል፣ ሰውም ዛሬ ድረስ ይኖርበታል።

ውስጡ ደግሞ ጎተራ ነው። ሜይደን ካስልም ሆነ በሃምፕሸር ያለው ሌላው የኮረብታ ምሽግ፣ ዴንበሪ፣ ሲቆፈሩ ክብ ጎጆዎች፣ በአራት ምሰሶ ላይ የቆሙ ጎተራዎችና እጅግ ብዙ የእህል ጉድጓዶች ተገኝተዋል። ዴንበሪን ባሪ ካንሊፍ ከ1969 እስከ 1988 ሲቆፍረው ከ2,000 በላይ ጉድጓድ አግኝቷል። እህል ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል ሲባል እንግሊዛውያን መጀመሪያ ላይ ተጠራጥረው ነበር፤ የእነሱ አገር ዝናባም ነው። የሐረርጌ ገበሬ ግን ማሽላውን በጉድጓድ እንደሚያስቀምጥ እኛ እናውቃለን። ሃምፕሸር በሚገኘው በበትሰር የሙከራ እርሻ ፒተር ሬይኖልድስ በጠመኔ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ እህል እየሞላ ለዓመታት ሞክሮታል። ነገሩ እንዲህ ይሠራል፦ ጉድጓዱ አፉ ጠበብ ተደርጎ ይቆፈራል፣ እስከ አፉ ይሞላል፣ ከዚያ በጭቃ ተለስኖ በአፈር ይደፈናል። ጠርዙ ላይ ያለው እህል እርጥበት ስለሚያገኝ ማቆንቆል ይጀምራል፤ ሲያቆነቁል ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ጨርሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካበታል። አየሩ ሲያልቅ ማቆንቆሉም፣ ነቀዙም፣ ሻጋታውም ይቆማል። የተበላሸው ስስ ቅርፊት ሆኖ ግድግዳው ላይ ይቀራል፤ መካከሉ በጸደይ ሲከፈት ለዘር ይሆናል።

የሚበላሸው መቼ ነው? ጭቃው ሲሰነጠቅና ውኃ ወይም አየር ሲገባ። ትንሽ ቀዳዳ ብትኖር ኦክስጅን እየገባ ማቆንቆሉ አይቆምም፤ ሙቀትና ሻጋታ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ጉድጓዱን በጎዶሎ መሙላትም ያው ነው፤ ከላይ የቀረው አየር ብዙ እህል ያበላሻል። በየጊዜው ከፍቶ ጥቂት ጥቂት ማውጣት ደግሞ ጋዙን ያባክነዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጉድጓድ አንዴ ተከፍቶ በአንድ ጊዜ ለሚወጣ እህል፣ በተለይ ለዘር፣ ይመቻል፤ የየዕለቱ ቀለብ ከምሰሶው ጎተራ ይወጣል። ለመጠኑ ያህል፦ አግድመቱ 1.2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ጉድጓድ 1.7 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ በስንዴ 12 ኩንታል ገደማ ነው። ብዙ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ያለበት ኮረብታ ምን እንደሚጠበቅበት ግልጽ ይመስለኛል፦ የአካባቢው ሁሉ ዘር።

ስለ ሮማውያኑ። ታሪኩ የመጣው ከአርኪኦሎጂስቱ ሞርቲመር ዊለር ነው። እሱና ባለቤቱ ቴሳ ዊለር ከ1934 ጀምሮ ቦታውን ቆፈሩ፤ ቴሳ በ1936 ስትሞት እሱ እስከ 1937 ቀጠለ። በምሥራቁ በር አጠገብ መቃብሮች ወጡ፤ በርካታ የራስ ቅሎች በስለት የተመቱ ነበሩ፤ አንዱ አጽም አከርካሪው ላይ የብረት ጫፍ ተሰክቶበታል። ዊለር ይህን በ43 ዓ.ም. ከደረሰው የሮማ ወረራና ከሮማው የጦር አዛዥ ከቬስፓስያን ጦር ጋር አያይዞ የአንድ ቀን እልቂት አድርጎ ጻፈው። የሮማው ጸሐፊ ስዌቶንየስ ቬስፓስያን ከሃያ በላይ የተመሸጉ ቦታዎችን ያዘ ይላል፤ ሜይደን ካስልን ግን በስም አይጠቅስም። በ1985 እና 1986 ናያል ሻርፕልስ ድጋሚ ሲቆፍር ደግሞ ወረራው በደረሰ ጊዜ ምሽጉ በአብዛኛው የተተወ፣ ነዋሪው ወደ ምሥራቁ ጫፍ የተሰበሰበ መሆኑ ታየ። በመጨረሻም በ2025 የወጣው የቦርንመዝ ዩኒቨርሲቲ የራዲዮካርቦን ልኬት (የአጽም ዕድሜ መለኪያ ዘዴ) እነዚህ ሰዎች በአንድ ቀን እንዳልሞቱ አሳይቷል፤ ሞቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት ካለው መቶ ዓመት መጨረሻ አንስቶ ወረራው እስከ ደረሰበት መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በትውልዶች መካከል የተዘረጋ ነው። ቁስሉ እውነት ነው፣ ግፉም እውነት ነው፤ አብዛኛው ግን የእርስ በርስ ሳይሆን አይቀርም። ልብ ይበሉ፣ ሟቾቹ ከሸክላና ከሥጋ ስንቅ ጋር ተቀብረዋል፤ በጥድፊያ የተጣለ ሬሳ እንዲህ አይቀበርም። አጽሙን ከነብረቱ ዶርቸስተር በሚገኘው የዶርሴት ሙዚየም ማየት ይቻላል፤ መጀመሪያ ሙዚየሙን፣ ከዚያ ኮረብታውን ቢያዩ ለልጆቹ ይቀላቸዋል።

ድጋሚ ሲሄዱ ሰዓቱን ይምረጡ። ጉድባና ክምር የሚታየው ፀሐይ ዝቅ ስትል ነው፤ በእንግሊዝ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ቀትር ላይ ጥላ ስለሌለ ሁሉም ሜዳ ይመስላል። ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ሣሩም አጭር ስለሆነ የተሻለ ነው። መግቢያው ነጻ ነው፤ መኪና ማቆሚያው በምዕራቡ በር በኩል ነው። የሕፃን ጋሪ አይሄድም፤ ጠመኔ ላይ ያለ እርጥብ ሣር ያንሸራትታል፣ ነፋሱም ብርቱ ነው። ክምሩ ላይ በቀጥታ መውጣትና መንሸራተት ይቅር፤ ሣሩ አንዴ ከተገፈፈ ዝናብ ጠመኔውን ያጥበዋል፣ ያ ቁስል በዓመት አይድንም። ድሮን ያለ ፈቃድ አይፈቀድም።

ከመሄድዎ በፊት የሊዳር ምስሉን ይመልከቱ፤ ሊዳር ከአውሮፕላን በሌዘር ጨረር የመሬቱን ከፍታ የሚለካ ዘዴ ነው። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የአንድ ሜትር ጥራት ያለውን ልኬት በነጻ ይሰጣል። ዛፍና ቤት የተነሳበትን የመሬት ሞዴል ይውሰዱ። የጥላ ምስል ሲሠሩ ብርሃኑ ከሰሜን ምዕራብ፣ 315 ዲግሪ ላይ ይሁን፤ ከታች፣ ከደቡብ በኩል ካበሩት ዓይን ይሳሳትና ጉድባው ክምር፣ ክምሩ ጉድባ ሆኖ ይታያል። ከብርሃኑ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር ደግሞ ጥላ ስለማይጥል ይጠፋል፤ ስለዚህ አቅጣጫውን እየቀያየሩ ቢያንስ ሁለት ምስል ያውጡ።

ሌላ ኮረብታ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲያዩ ጉድባው ከክምሩ ውጭ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ውስጥ ከሆነ መከላከያ ሳይሆን ቀድሞ ለሥርዓተ አምልኮ የተሠራ ክብ ቦታ ሊሆን ይችላል። ክፍተት ሲያዩ ደግሞ ጉድባውን ይዩ፦ በክፍተቱ ፊት ያልተቆፈረ ድልድይ መሬት ካለ የጥንት በር ነው፤ ጉድባው ሳይቋረጥ የሚያልፍ ከሆነ ወይም በአፈር ከተሞላ፣ ኋላ ገበሬ ለጋሪ የቆረጠው ነው። በብሪታንያና በአየርላንድ እንዲህ ያሉ 4,147 ቦታዎች በ2017 በወጣው የኮረብታ ምሽጎች አትላስ ተመዝግበዋል፤ ከሳውዝሃምፕተን ዴንበሪ ይቀርብዎታል።

ጠጠሩን በተመለከተ። ድቡልቡልና ለስላሳ ከሆነ፣ 50 ግራም አካባቢ ከመዘነ፣ ሰው ካላመጣው በቀር ከባሕር ወደ ኮረብታው ሊመጣ አይችልምና የወንጭፍ ጠጠር የመሆን ዕድል አለው። ቦታው በሕግ የተጠበቀ ነው። በ1979ው የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ ያለ ፈቃድ በብረት ፈላጊ መሣሪያ መፈለግ ወንጀል ነው፤ መሬት ላይ የሚገኘው ዕቃም የመሬቱ ባለቤት ነው። ልጁን አይቆጡት፤ ግን መልሰው ሄደው በግምት እንዳይጥሉት፣ ያለ ቦታው የተጣለ ጠጠር ቀጥሎ ለሚመጣው ተመራማሪ የሐሰት መረጃ ነው። አያጥቡት። በወረቀት ጠቅልለው የተገኘበትን ቀንና ቦታ ይጻፉበት፤ ከፍልፈሉ አፈር አጠገብ ስልክዎ ያነሳው ፎቶ ካለ አቀማመጡን መዝግቦት ይሆናል፣ እሱን ይመልከቱ። ከዚያ በየአውራጃው ላለው የተገኙ ቅርሶች መዝጋቢ ባለሙያ ይጻፉ፤ ፎቶውን፣ ክብደቱንና ቦታውን ይላኩ፣ ምን እንደሚደረግ እሱ ይነግርዎታል። ወደፊት ልጁ ሌላ ቢያገኝ ሳያነሳ ከጎኑ ሳንቲም አስቀምጦ ፎቶ ያንሳው፣ ቦታውንም በስልኩ ካርታ ላይ ይመዝግበው።